ሳይከራከር የገዛው ሰው

ሰውየው ካልሲውን ሳይከራከር ገዛ።

ማሂራ ያየችው በልባሽ ጨርቅ ሻጩ መስታወት ውስጥ ነው። ቡኒ ኮት እየለካች ነበር። ከኋላዋ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ካልሲ ነጋዴ ፊት ቆሟል። ነጋዴው ዋጋ ጠራ። ሰውየው እጁን ኪሱ ከተተ፣ ከፈለ፣ ፌስታሉን ተቀበለ። አለቀ።

ነጋዴው ራሱ ደነገጠ። ቀና ብሎ ደግሞ አየው።

መርካቶ ውስጥ የተጠራለትን ዋጋ ዝም ብሎ የሚከፍል ሦስት ዓይነት ሰው ነው፤ ፈረንጅ፣ ሠርጉ ነገ የሆነ ሙሽራ፣ ወይም ልቡ ዕቃው ላይ ያልሆነ። ይሄ ፈረንጅ አይደለም። የሙሽራ ፊትም የለውም።

ልቡ እሷ ላይ ነው።

ኮቱን አላወለቀችም። አንገቱ ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ፍላሽ ተሰፍታለች። የሰፋት ኢርፋን ነው፤ የአስመጪው የኃይለየሱስ ፕሮግራም ጻፊ። ቅድም ኮቱን ለዚህ ሻጭ ሸጦ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እሷ ደረሰች። ርክክቡ ይኼው ነው። ሁለቱ ዓይን ለዓይን እንኳ አይተያዩም።

ሻጩ ዋጋ ጠራ። ከኋላዋ ጠላት ቆሟል፣ ከፊቷ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ግን ከፍላ ብትሮጥ እንደ ካልሲው ሰውዬ መሆኗ ነው።

«በዚህ ዋጋማ በጉን ከነቆዳው እገዛለሁ» አለችው።

«በግ ኪስ የለውም። ይሄ አራት አለው።»

ትታው ሄደች። ሁለት እርምጃ። ጠራት። ተመለሰች። አሁንም ሄደች። አሁንም ጠራት። በሦስተኛው ተስማሙ፤ ኮቱን ክንዷ ላይ ጥላ ወደ ሕዝቡ ገባች።

የስፖንጅ ፍራሽ የተሸከሙ ሁለት ወዛደሮች መንገዱን ሞልተው ይመጣሉ። በሁለቱ መሃል ሾለከች። ፍራሹ ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ተዘጋ። በሳሙና ተራው ጓሮ ታጠፈች፣ በአንድ በር ገብታ በሌላው ወጣች፣ ሻርፗን ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ገለበጠች።

ዞር አለች። የካልሲው ሰውዬ የለም።

የጁምዓ አዛን ተሰማ። ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የጭነት መኪኖች ከኃይለየሱስ መጋዘን ይወጣሉ። ጭነታቸው ሁለት መቶ አርባ የኦክስጅን ማሽን ነው። መድረሻቸው የገጠር ክሊኒክ።

ማሂራ የእሷ ስም አይደለም። በስውር የምትሠራለት የምርመራ መሥሪያ ቤት የሚያውቃት «ቁንዶ» በሚል ነው። አምስት ወር ሙሉ ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ውስጥ ብሎን ስትፈታ የከረመችው ለእነዚህ ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ ይዋሻሉ። የሚያወጡት ኦክስጅን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ማያቸው ላይ ዘጠና ሦስት ከመቶ ይጽፋሉ፤ አረንጓዴ መብራትም ያበራሉ። ጠሂራ የምትባል እናት የሦስት ቀን ልጇ ከንፈሩ ሲጠቁር እያየች «ማሽኑ እኮ ደህና ነው ይላል» እያለች ነርሷን አረጋግታታለች። ነርሷን ያረጋጋችው እናቲቱ ናት! ቁንዶ ይህን የሰማች ቀን ስኳር የሌለው ሻይ ጠጣች፣ አላወቀችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲበርድም አትፈልግም።

ሱቁ በር ላይ ዱላ ተጋድሟል።

የሱቁ ባለቤት የጋሽ ዘይኑዲን ዱላ ነው። ሶላት ሲሄዱ ቁልፍ አይቆልፉም፤ ዱላቸውን ከመቃን እስከ መቃን ያጋድማሉ። ዱላ የተጋደመበት ሱቅ ውስጥ ማንም አይገባም። አምስት ወር አይታለች፤ አንድ ፊውዝ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ጎረቤታቸው እትዬ ፈሪዳ ከፕላስቲክ ባልዲዎቻቸው መሃል ሆነው ባንድ ዓይን ይጠብቁላቸዋል።

ለማሂራ ግን ዱላው አይከለክልም። የቤት ልጅ ናት። በሥሩ ጎንበስ ብላ ገባች።

መደርደሪያው ላይ ለሽያጭ የተደረደሩ ሦስት አዳዲስ ላፕቶፖች አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ኮምፒውተር። ሳጥኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት፦ «አትንኩ። ይሠራል።» ሠፈሩ ሁሉ ይስቅባቸዋል። ሙዚየም ክፈቱበት ይሏቸዋል። ጋሽ ዘይኑዲን ግን የሚሠራ ነገር አያሳድሱም። «ዛሬ የሚሠራውን ነገ እንዳይሠራ ማድረግ ከሆነ ሥልጣኔው፣ ለእናንተ ይሁን» ብለዋል አንዴ።

ኮቱን በምላጭ ተረተረች። ፍላሿን አወጣች። መጀመሪያ የሰካችው አለቃዋ «ዋርካ» በሰጣት ላፕቶፕ ላይ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ኮርቪክስ ሰባት ነው። ኮርቪክስ ፕሮግራም የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ ሰው የጻፈውን ተቀብሎ ማሽን ወደሚገባው ይለውጣል። የኢርፋን ሥራ የተጻፈው ግን በኮርቪክስ አራት ነው። ሰባት ከፈተው፣ አጉረመረመ፣ ለወጠው። ውጤቱን ለጥገና ከመጣ የኃይለየሱስ ማሽን ሆድ ውስጥ ከገለበጠችው ጋር አስተያየችው።

አልገጠመም። የትም አልገጠመም።

መሳሳት አይደለም። አንድን ልብስ ሁለት ሰፊ እንደ መስፋት ነው፤ ልኩ አንድ ነው፣ ስፌቱ ግን ለየቅል። የኃይለየሱስ ጠበቆች የሚፈልጉት ይህችኑ ነው። «ይሄ ኮድ የእኛ ማሽን ውስጥ ያለው አይደለም» ይላሉ፤ ዳኛውም እሺ ይላል። ፊደል በፊደል የሚገጥመው በአራት የተለወጠ ብቻ ነው። አራትን ደግሞ አምራቹ ጥሎታል። የፈቃድ መስመሩን ዘግቷል። ዛሬ ብትጭነው አይከፈትም። የሚከፍተው በፊት የተጫነበት፣ እጅ ያልነካው ኮምፒውተር ነው። የኃይለየሱስ ቢሮ እንደዚያ ያሉ ስድስት ነበሩት። ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ወደ ሰባት አሳደጋቸው።

ማሳደግ ይሉታል። ማስረጃ ማጥፋት ነው።

በዚያው ሳምንት ዋርካ ይህን ላፕቶፕ ሰጣት።

ያን ጊዜ አላሰበችበትም። አሁን ማሰብ ጀመረች። ስልኩን አነሣች።

«ዕቃው ገባ?» አለ ዋርካ።

«ገብቷል። በሰባት አይገጥምም። አራት ያስፈልገኛል፤ የሽማግሌው ኮምፒውተር ላይ አለ። ሁለት ሰዓት ይስጡኝ።»

«ይሁን።»

ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

ዋርካን ሦስት ዓመት ታውቀዋለች። ሁለት ቀን ስትጠይቀው ግማሽ ቀን የሚሰጥ ሰው ነው። ለታክሲ ያወጣችውን ሳይነጫነጭ ፈርሞ አያውቅም። ከዚህ ሰው ጋር መነጋገር ከጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ሻጭ ጋር መዋል ነው፤ ሁልጊዜ ይቀንሳል፣ ሁልጊዜ ይቆርጣል።

«መኪናም ይላኩልኝ» አለች።

«ይሁን።»

«አራት ሰው።»

«ይላካሉ። አሁኑኑ። ኮምፒውተሩን ከቦታው እንዳታነሺው። እዚያው ሆነሽ ጠብቂ።»

ዘጋው።

ሳይከራከር ገዛት።

አራቱ ሰዎች ሊጠብቋት አይደለም የሚመጡት። ይሄ ሰውዬ ሸጧታል። እሷን፣ ኢርፋንን፣ የጠሂራን ልጅ፣ ሁሉንም በአንድ ጥቅል። ደግሞ «እዚያው ጠብቂ» ይላል። በግ መስላዋለች።

ኮምፒውተሩ እስኪነሣ፣ እስኪሞቅ፣ ሥራውን እስኪጨርስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሰዎቹ በሩብ ሰዓት ይደርሳሉ። እዚህ መቆየት አይቻልም።

መውሰድ አለባት።

የሰው ንብረት። ባለቤቱ ሶላት ላይ ሳለ። ዱላው በሩ ላይ ተጋድሞ ሳለ። በመርካቶ ከዚህ የሚያንስ ሌባ የለም። ኪስ አውላቂ እንኳ ይጸየፈዋል። ለእትዬ ፈሪዳ እውነቱን ብትነግር ደግሞ ሰዎቹ መጥተው እውነቱን ከእሳቸው ሊያወጡት ነው። ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ገመዶቹን ነቀለች፣ የማሽኑን ቅጂ ፍላሿ ላይ ገልብጣ ኪሷ ከተተች፣ ሳጥኑን በቡኒው ኮት ጠቀለለችው። ከበደ።

እትዬ ፈሪዳ ቀና አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

«የጋሼ አሮጌው ነው እትዬ። አስጠግኚው ብለውኝ ነው።»

«ዘይኑዲን? ያንን ሳጥን ሰው አስነካ?» ሳቁ። «እኔ አቧራውን ልጥረግ ብዬ ሳምንት አኩርፎኛል እኮ። አንቺን ቢወድሽ ነው።»

ሳጥኑን ክንዷ ላይ አስተካከለች።

«ሂጂ በይ። ዱላውን ግን መልሰሽ አጋድሚ።»

መልሳ አጋደመችው።

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት፣ ከፎቁ ሥር፣ ሀብተ ወልድ የሚባል ጥልፍ ጠላፊ አለ። ሠላሳ አልሞላውም፤ ለቄሱም ለሼሁም በኮምፒውተር ይጠልፋል። ማያው አንዴ ተበላሽቶ የጠገነችው እሷ ናት። ማያውንና ኪቦርዱን ለአንድ ሰዓት አከራየኝ አለችው። የካባ ጥልፍ ላይ ነኝ፣ ባለቤቱ ዲያቆን ነው፣ ቢረግመኝስ አለ። ዋጋ ጠራ። አንገት የሚያስቆርጥ ዋጋ ነው። ውስጧ ይጮኻል፤ ክፈይውና ተገላገዪ ይላታል። ግን የተጠራላትን የምትከፍል የዘይኑዲን ሱቅ ሠራተኛ ነገ የሠፈር ወሬ ናት። ተከራከረች። ላቧ በጀርባዋ እየወረደ፣ በሩን በጎን እያየች፣ እስከ ግማሹ አወረደችው።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ተንፈራገጠ፣ አጓራ፣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ አስነጠሰ። ኮርቪክስ አራት ተከፈተ። የኢርፋንን ሥራ ሰጠችው።

እምቢ አለ።

አንድ ክፍል ጎድሏል ይላል። ኢርፋን የጻፈው በአራት ነጥብ ሁለት ነው፤ ይሄ አራት ነጥብ አንድ ነው። በአንዲት ነጥብ! ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። ሀብተ ወልድ መርፌውን አቁሞ አያት።

ከዚያ የጋሽ ዘይኑዲን አሠራር ትዝ አላት። ማሽን ሲዘጉ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያሽጉበታል። ስንቁን ያልያዘ መንገደኛ አይባልም ይላሉ። ሁለት ብሎን ፈታች። ከክዳኑ ውስጥ፣ በፕላስተር የታሸገ ሲዲ። በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ «የአራት ሁለተኛው። ካስፈለገ ብቻ።»

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለች። አምስት ወር ስትለው የከረመችውን ነው። የዛሬው የማስመሰል አልነበረም።

ጫነችው። አራት ሥራውን ጀመረ። ሰባት ሰዓት ተኩል። ሶላት አልቋል። ጋሽ ዘይኑዲን አሁን ዱላቸውን ያነሣሉ።

ውጤቱ ወጣ። ከማሽኑ ጋር አስተያየችው።

ልዩነት፦ ዜሮ።

ከዚያ ኮዱን አነበበችው። ኢርፋን ሁሉንም ከነማስታወሻው ትቶታል። ከሰማንያ ሁለት በታች ከሆነ ዘጠና ሦስት አሳይ፤ በኃይለየሱስ ትእዛዝ። ከሥሩ ሌላ መስመር፦ በእነዚህ ቀኖች ግን እውነተኛውን አሳይ። ሦስት ቀን ተጽፏል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቱ ድንገተኛ ፍተሻ ያደረገባቸው ናቸው። ያኔ ማያቸው ከፈታሾቹ መለኪያ ጋር ስለገጠመ ማሽኖቹ አይዋሹም ተብሎ ነበር። ሦስተኛው ገና አልደረሰም። የመጪው ማክሰኞ ነው።

የማክሰኞውን ፍተሻ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እሷ ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚደወልበት ቁጥር አላት። የደወለበት ሰው ከዚያ በኋላ ያ ሰው አይሆንም፤ ስሙም ሥራውም ያበቃል። ደወለች። ከዋርካ በላይ ያለችው «ደጀን» አነሣች። ቁንዶ በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችላት።

«ኮምፒውተሩ ካንቺ ጋር ነው?»

«አዎ።»

«እንዳይጠፋ። በስምንት ደቂቃ ሰው ይደርስልሻል።»

ስልኩን ስታወርድ በሩ ላይ ግራጫ ጃኬት ቆሟል።

የካልሲው ፌስታል አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ቁንዶ» አለ። በመርካቶ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይገባም። «ያቺ ባልዲ ሻጭ ወዴት እንደሄድሽ ነገረችን። ሌባ ናት ስንላት አለቀሰች። ሳጥኑን ስጪኝ።»

የሆነ ነገር ውስጧ ተሰነጠቀ። ፊቷ ላይ ግን አልወጣም።

«ስንት?» አለችው።

«ምን ስንት?»

«ዕቃ ነው የጠየቅከኝ። ስንት ትሰጣለህ?»

ሰውየው ሀብተ ወልድን አየ። ምስክር አለ፤ ወሬ አይፈልግም። የመጨረሻውን ዋጋ ባንድ ጊዜ ጠራ፤ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ገንዘብ ነው።

ሀብተ ወልድ አልቻለም። «ወንድሜ፣ እንዲህማ አይጠራም። ከታች ነው የሚጀመረው። ካልሲውንስ ስንት ገዛኸው?»

ሰውየው ሳያስበው ነገረው።

«ኧረ! በዚህ ዋጋ ከነእግሩ ይመጣል እኮ።»

ሁለት ደቂቃ።

አይሆንም አለች ቁንዶ። የአባቴ ማስታወሻ ነው አለች። ጨምር አለች። ጨመረ። ሀብተ ወልድ ደላላ ሆኖ መሃል ገባ፤ እሷን እህቴ፣ እሱን ወንድሜ እያለ፣ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ። ሰውየው ጭማሪውን ባንዴ ይቀበላል፤ ስለዚህ ደጋግማ ትጨምርበታለች። አምስት ደቂቃ። ስድስት።

ከዚያ ገባው።

እጁ ወደ ጃኬቱ ሄደ። ግማሹ ሲወጣ ብረት ነው። ሀብተ ወልድ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ተነሺ» አለ ሰውየው። «ተሸከሚው።»

ተነሣች። ሳጥኑን አቀፈችው።

አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ጨርቅ ይዘው ገቡ። ባልና ሚስት ይመስላሉ። ሰውየው እጁን ወደ ጃኬቱ መለሰ። ሴትየዋ የአንገት ጥልፍ ዋጋ ጠየቀች። ሀብተ ወልድ በደረቀ ድምፅ ነገራት።

«ውድ ነው» አለች። «ቀንስ።»

ቁንዶ ዓይኗን ጨፈነች። የእኛ ናቸው።

ወንድየው ጨርቁን በካልሲው ሰውዬ ክንድ ላይ ጣለ። ሽጉጡ ከጨርቁ ሥር ቀረ። አንድ ክርን፣ አንድ ጉልበት፣ አንድ የወለል ድምፅ። ከዚያ ካቴና።

ካልሲዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የሰውየው ስልክ በመሃላቸው ተንጫረረ። ቁንዶ አነሣችው።

«አለቀ?» አለ ዋርካ።

«አንተ አልቀሃል» አለችው። ሦስት ዓመት «እርስዎ» ስትለው ኖራለች።

መኪኖቹ ከመጋዘኑ በር ሳይወጡ ተያዙ። ኃይለየሱስና ዋርካ በአንድ ቀን ታሰሩ። ኢርፋን ምስክር ሆኖ ቃሉን ሰጠ። ሁለት መቶ አርባው ማሽን ታሸገ። ከእነሱ ጋር አንድ አሮጌ ሳጥን፣ ፕላስተሩና ጽሑፉ እንዳለ፣ የማስረጃ ክፍል ገባ። ጉዳዩ ዓመታት ይፈጃል፤ ሳጥኑም ዓመታት አይወጣም።

«ለባለቤቱ ማን ይነግረዋል?» ብላ ጠየቀች ቁንዶ።

«ማንም» አለች ደጀን። «ማሂራ የምትባል ልጅ ሰርቃ ጠፍታለች። ለምስክራችን ደኅንነት የሚሻለው ይኼ ነው።»

ቁንዶ ተከራከረች። ያን ቀን አንዲት ሳንቲም እንኳ አላስቀነሰችም።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ነጠላ የተከናነበች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ከጭድ ተራ ወረደች። መምጣት አልነበረባትም። እትዬ ፈሪዳ ሱቅ ፊት ቆማ ጆግ አነሣች።

የጋሽ ዘይኑዲን ሱቅ በር ላይ ዛሬ ዱላ የለም። የብረት ሰንሰለት ነው። እሳቸው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ደንበኛ ጋር ያወራሉ። ደንበኛው ስለዚያች ሌባ ያነሣል።

«ሌባ ብትሆን አዲሶቹን ትወስድ ነበር» አሉ ጋሽ ዘይኑዲን። «ሦስቱን ትታ ማንም የማይፈልገውን ወሰደች። ምን እንዳስቸገራት አላህ ያውቃል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ብትጠይቀኝ እሰጣት ነበር።»

ሴትየዋ ጆጉን ይዛ ቀረች።

እትዬ ፈሪዳ ዋጋውን ነገሯት። የተጠራውን፣ ከዚያም እጥፉን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥታ ባልዲዎቹ መሃል ጥላ መሄድ ፈለገች። እጇ ቦርሳው ላይ ደርሷል። እትዬ ፈሪዳ ዓይናቸውን ከነጠላዋ ሥር ጣል አደረጉ። የሚያውቁትን ነገር የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ውድ ነው እናቴ» አለች፣ ድምፅዋን ቀይራ። «ይቀንሱ።»

ተከራከረች። እስከ መጨረሻዋ ብር ድረስ ተከራከረች፤ ሁለት ጊዜ ትታ ሄደች፣ ሁለት ጊዜ ተጠራች። እትዬ ፈሪዳ ተሰላችተው ፊታቸውን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞሩ።

ጆጉን ተቀብላ ወደ አውቶቡስ ተራው ሕዝብ ገባች። ዞሮ ያያት አልነበረም።